የማንጠግቦሽ ምራቅ

ጥሩብርሃን ክፍል የገዛችው በምላሷ ነው። አርጩሜ አትይዝም፤ ድምጿንም ከፍ አታደርግም። ከስልሳ ስምንት ልጅ መሀል አንዱን ትመርጥና አንዲት ቃል ትሰካበታለች። ስልሳ ሰባቱ ይስቃሉ፣ አንዱ አንገቱን ይደፋል፣ ትምህርቱም ይቀጥላል።

መጀመሪያ እንዲህ አልነበረችም። መስከረም ላይ የልምምድ ደብዳቤዋን ይዛ ከአምበር አለፍ ብላ ባለች የመንገድ ዳር ከተማ ከሚኒባስ ስትወርድ፣ ብብቷ ሥር የሸጎጠችው ጥቅል ካርቶን ነበር። ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብላ ያቀለመችው የሰው አንጀት፣ የሰው ጉበት፣ የሰው ጨጓራ። አሥረኛ ሐን በሥዕልና በፍቅር አስተምራለሁ ብላ ነበር። አሥረኛ ሐ ሥዕሉን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ በመስኮቱ የጤፉን ማሳ ማየት መረጠ። ጥያቄ ስትጠይቅ የሚመልስላት የቆርቆሮው ጣራ ብቻ ነበር፤ እሱም ዝናብ ሲጥል።

በዚያው ሰሞን ዶክተር አብዱልቃኒ መጣ። ከዩኒቨርሲቲው የሚገመግማት እሱ ነው፤ ረጋ ያለ፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ደጋግሞ የሚጠርግ ሰው። ከኋላ ተቀምጦ አርባ ደቂቃ አያትና በቅጹ ላይ ሁለት መስመር ጻፈ። «ክፍሉ አልነቃም። ዝምተኛ ተማሪዎችን አላሳተፈችም።» ከሥሩ፣ ወድቃለች። ጥቅምት ላይ ሁለተኛ ዕድል አላት፤ እሱንም ከጣለች ዓመቱን ትደግማለች።

የአራት ዓመቱ ትምህርት፣ አንዴ መንገድ ሲዘጋ አንዴ ግቢው ሲዘጋ፣ ስድስት ዓመት ፈጅቶባታል። ሉማሜ ያለችው እናቷ «ልጄ ዘንድሮ ትመረቃለች» ብላ ለጎረቤት ስታወራ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ጎረቤቶቹም «እሰይ» ማለት ሰልችቷቸው አሁን «ይቅናት» ብቻ ይላሉ። ጥሩብርሃን ከሞትና ከ«ይቅናት» አንዱን ምረጪ ቢሏት ለማሰብ ጊዜ ትጠይቅ ነበር።

መድኃኒቱን የነገራት ጋሼ ፈንታ ነው፤ እሷን እንዲያሠለጥን የተመደበው ነባሩ የባዮሎጂ መምህር። የማሠልጠኛ ቦታው ከቢሮው ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ ላይ ነው።

«አንቺ ልጅ፣» አላት፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ስልሳ ስምንት ልጅ በሥዕል አይነዳም። አንዱን ያዢና ሌላው ይሳቅበት። የሚስቅ ልጅ አይተኛም።»

«የሚሳቅበትስ?»

«እሱማ ጭራሽ አይተኛም።»

በማግስቱ ሞከረችው። የሚንተባተበውን ልጅ «ኔትወርክ» አለችው። ክፍሉ ከሞት ተነሣ። ሁለት ዓመት የደገመችዋን «ባለርስቷ» አለቻት። የባለሱቁን ልጅ ሚንሃጅን፣ መልሱን ሁልጊዜ ግማሹን ስለሚያመጣ፣ «ቅናሽ» አለችው፤ እሱ ራሱ ሳቀ። ከፊት ወንበር የምትቀመጠውን ማንጠግቦሽን፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስለምትከናነብና ስትጠየቅ ብቻ ስለምትናገር፣ «እመሆይ» አለቻት። ማንጠግቦሽ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም። ቀና ብላ አየቻትና ወደ ደብተሯ ተመለሰች። ጥሩብርሃን ከስልሳ ስምንቱ ያልወደደችው ያን አስተያየት ነው። በክፍሉ ውስጥ ሳይንስ የሚገባት ግን እሷ ብቻ መሆኗን ታውቃለች።

ጥቅምት ሲገባ ጋሼ ፈንታ የመጨረሻውን ጥበብ ጨመረላት።

«ገምጋሚው በሚመጣ ቀን የምታውቁ ቀኝ፣ የማታውቁ ግራ እጃችሁን አውጡ በያቸው። ከኋላ ለተቀመጠ ሰው እጅ እጅ ነው። አንቺ ቀኙን ብቻ ትጠሪያለሽ።»

«ይህን ማን አስተማረዎት?»

«የገመገመኝ ሰውዬ።»

ሰኞ ዕለት ልምምዱን ከልጆቹ ጋር ሠሩት። ትምህርቱ ምራቅ ነው። የድንች ውሃ ቴስት ቲዩብ ውስጥ ይደረጋል፤ ከጤና ጣቢያ የተለመነ አዮዲን ጠብ ሲልበት እንደ ቀለም ይጠቁራል። ከዚያ አንድ ልጅ ይተፋበታል፤ በመዳፉ ይዞ ያሞቀዋል፤ ምራቁ ስታርቹን ሲሰባብረው ጥቁሩ እየሳሳ ሄዶ እንደ ምንጭ ውሃ ይጠራል። የተፋው ሚንሃጅ ነበር። ሲነጣለት «እንዲህ የሚያነጣ ምራቅ በኪሎ ይሸጥ ነበር» ብሎ ክፍሉን አሳቀ።

ልጆቹ ሲወጡ ማንጠግቦሽ ቀረች።

«ቲቸር፣ ነገ ልቅር።»

«ምን ሆነሽ?»

«ነገ ማርያም ናት። ከእናቴ ጋር እቆርባለሁ። ታማ ስለተነሣች ስለት ነው።»

«ቅዳሴው ጧት ያልቃል። እናንተ የከሰዓት ፈረቃ ናችሁ።»

«የቆረበ ሰው አርፎ ነው የሚውለው፣ ቲቸር።»

«እመሆይ፣ እኔ ያልኩት አንድ ነው። ነገ የቀረ ሰው አሥር ማርክ ይቀነስበታል። ለመነኮሳት ሌላ ደንብ አላወጣሁም።»

ወንበሩ ሁሉ እንዲሞላ ትፈልግ ነበር። ባዶ ወንበር ቅጹ ላይ ይጻፋል። ማንጠግቦሽ «እሺ» ብላ ወጣች። የአሥር ማርክ ነገር ለገበሬ ልጅ ቀልድ አይደለም፤ ከሁለት ሰዓት የእግር መንገድ መጥታ፣ ከተማ ውስጥ ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ፣ ቅዳሜ ስንቅ እየተሸከመች የምትማር ልጅ ናት።

ማክሰኞ ከሰዓት ስልሳ ስምንቱም ተገኙ። ዶክተር አብዱልቃኒ ከኋላ ተቀመጠ፤ ጋሼ ፈንታ በሩ አጠገብ። ማንጠግቦሽ ንጹሕ ነጭ ለብሳለች፤ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። ከኋላ ለሚያያት ብርድ የፈራች ወይም ያፈረች ልጅ ትመስላለች።

ትምህርቱ እንደ ሰዓት ሄደ። ጥሩብርሃን በጠየቀች ቁጥር እጅ እንደ ደን ይበቅላል፤ እሷ ከደኑ መሀል ቀኝ ቀኙን ትለቅማለች። ኔትወርክ እንኳ ቀኙን አውጥቶ ሳይቆራረጥ መለሰ። ከስልሳ ስምንቱ አንዲት እጅ ብቻ፣ ቀኝም ግራም፣ አልተነሣችም። ዶክተሩ ወደዚያች ልጅ ጀርባ አየ። ከዚያ ወደ ቅጹ አጎነበሰ። የትኛው መስመር ላይ እንዳጎነበሰ ጥሩብርሃን ታውቃለች፤ መስከረም የገደላት መስመር ነው።

«ማንጠግቦሽ፣» አለች፣ እመሆይ የምትለውን ቃል ውጣ። «ምራቅ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ማን ይባላል?»

ከነጠላው ሥር አንድ ነገር ተሰማ።

«ከኋላ አልተሰማም። ነጠላሽን አውርጂ።»

ማንጠግቦሽ ነጠላውን በአንድ ጣት ያህል ዝቅ አደረገች። «አሚሌዝ።»

እዚያ ላይ ብታበቃ ይበቃት ነበር። ልጅቱ መልሳለች፤ ዶክተሩ እስክሪብቶውን አንሥቷል። ግን ያች አንድ ጣት አበሳጨቻት። አውርጂ ያለችው ሌላ፣ የወረደው ሌላ። የጠቆረውን ቲዩብ አንሥታ ወደ ፊት ወንበር ሄደች።

«ጎበዝ። እንግዲህ አሳዪን።»

ማንጠግቦሽ ቲዩቡን አየች፤ እሷን አየች። «ቲቸር፣ ቆርቤያለሁ፣» አለች፣ ከጥሩብርሃን በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ።

ጥሩብርሃን አላወቀችም ማለት አይቻልም። ልጅ ሆና በቆረበችበት ቀን እናቷ አፍንጫዋን እንኳ በመሐረብ ጠርጋ መሐረቡን አቃጥላዋለች። የቆረበ ሰው እስኪመሽ አይተፋም፤ አፉ የእሱ አይደለም። ይህን ለማወቅ በዚህ አገር መወለድ ይበቃል።

ከመሀል ሚንሃጅ ተነሣ። «ቲቸር፣ እኔ ልትፋ። ትናንትም የሠራው የኔ ነው።»

«ቅናሽ፣ ያንተን ትናንት ሸጠሃል። ተቀመጥ።»

ሁለት ልጆች ሳቁና የራሳቸው ሳቅ አስደንግጧቸው አቆሙ።

«ሳይንስ ነው፣» አለች ጥሩብርሃን፣ ከኋላ እንዲሰማ ፈገግ ብላ። «እዚህ ክፍል ውስጥ ምራቅ ምራቅ ነው።» ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ በጆሮዋ፣ «አሥር ማርክ።»

ማንጠግቦሽ ቲዩቡን ተቀበለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ነጠላዋን ቲዩቡ ላይ ጋረደችበት። የተፋችው ትንሽ ነበር። ስልሳ ስምንቱ ግን እኩል ሰሙት። ከዚያ ቲዩቡን በሁለት መዳፏ መሀል ይዛ ቆመች፤ እንደ ጧፍ። ወንበር የሚንቀሳቀስ ልጅ የለም፣ የሚያስል የለም። ጥቁሩ ቀላ፣ ቡናማ ሆነ፣ ሳሳ፣ ጠራ። ከትናንቱ ከሚንሃጅ ይልቅ ፈጥኖ ጠራ።

ዶክተር አብዱልቃኒ በረንዳው ላይ እጇን ጨበጣት።

«ያችን ዓይናፋር ልጅ ያወጣሽበት መንገድ ደስ ይላል። ክፍሉ ትንፋሹን ውጦ ነበር፤ አየሽ አይደል?»

«አየሁ፣» አለች ጥሩብርሃን።

«ሐሙስ ደግሞ ልምጣ። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ራሳቸው ሲሠሩት ልይና እፈርማለሁ።»

ወደ ክፍል ስትመለስ ማንጠግቦሽ ቲዩቡን እንደያዘች ቆማለች።

«ይህን ይስጡኝ።»

«ፈርሜ የወሰድሁት የትምህርት ቤት ዕቃ ነው።»

«እሺ፣ ውስጡን ብቻ። እግር የማይረግጠው ቦታ ላኑረው።»

«አምጪ። እኔ እደፋዋለሁ። ወደ ቤትሽ ሂጂ።» ከእጇ ላይ ነጠቀቻት። ልጅቱ ከግቢው እስክትወጣ ጠበቀች፤ ከዚያ ከቧንቧው አጠገብ ካለው የፍሳሽ ቦይ ደፋችው፣ ሁለት ጊዜ አለቀለቀችው፣ ለንብረት ክፍል መለሰችው። በመንገድ ላይ ለእናቷ ደወለች። «አልፌያለሁ በይ፣» አለቻት። «ፊርማው ብቻ ነው የቀረው።»

ረቡዕ አሥረኛ ሐ ባዮሎጂ የለውም። በዕረፍት ሰዓት ግን አንዲት ሴት በበሩ ገቡ፤ ከሕመም ገና የተነሡ፣ ቀሚሳቸው ሰውነታቸው ላይ የሰፋ። ማንጠግቦሽ ከኋላቸው ነበረች። የልጅቱ እናት ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ናቸው። ጥሩብርሃንን ሲያገኙ እጅ ነሡ፤ መምህር ናትና።

«እመቤቴ፣ ልጠይቅዎ ነው እንጂ ልወቅስዎ አልመጣሁም። ያን ነገር የት ነው የደፉት?»

ልጆች ተሰበሰቡ። አሥረኛ ሐም አለ፣ ሌላውም አለ። ጥሩብርሃን ሰው ሲሰበሰብላት ምላሷ ራሱን ችሎ ይነሣል።

«እናቴ፣ የፈሰሰው ትናንት ነው። እስካሁን ዓባይ ገብቷል። ዓባይ ወርደው ይፈልጉት።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይህች ቃል ግቢውን ታንከባልለው ነበር። ማንም አልሳቀም።

«የዓባዩን እግዜር ያውቃል፣» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት። «እርስዎ የተነሣበትን ያሳዩኝ።»

ጥሩብርሃን በአገጯ ወደ ቦዩ አመለከተች። ሴትየዋ ሄደው ተንበረከኩ። ሳሙናና አተላ የወረደበትን ጭቃ በእጃቸው እየዛቁ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ፤ ሁለት እፍኝ፣ ሦስት እፍኝ፣ ከቦዩ ዳር የባልዲ አፍ የሚያህል ጉድጓድ እስኪቀር። ማንጠግቦሽ ልትረዳቸው ጎንበስ ስትል «አንቺ አትንኪው» አሏት። ከዚያ ቋጠሯቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ወጡ። መቼ እንደተቀላቀለ ማንም አላየም እንጂ ሚንሃጅ ከፊት ከፊታቸው እየሄደ ከብት ያባርርላቸው ነበር።

ጋሼ ፈንታ ፀሐይ ላይ እንደተቀመጠ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ያን እንኳ ባትዪ ይሻል ነበር፣» አለ።

«አንዱን ያዢ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ያዢ ነው ያልሁሽ።» ዓይኑን ጨፈነ።

ሐሙስ ጥሩብርሃን የድንቹን ውሃ፣ አዮዲኑንና አሥራ ሁለት ቲዩብ ይዛ ገባች። ዶክተሩ ቀድሟት ከኋላ ተቀምጧል። ክፍሉ እንደ ደንቡ ተነሣ፤ ተቀመጠ። ሲቀመጥ ነው ያየችው። ሴቶቹ ሁሉ በነጠላቸው፣ ቶይባ የምትባለው ልጅ በሒጃቧ ጫፍ፣ ወንዶቹ በፎጣ፣ ፎጣ የሌለው በሹራቡ አንገት፤ ስልሳ ስምንት አፍ ተሸፍኗል። በቀጥታ ያዩዋታል።

«ብርድ ነው መሰለኝ ዛሬ፣» አለች።

«ባለፈው የተማርነውን እናስታውስ። የምራቅ ኢንዛይም ማን ይባላል?»

እጆች ወጡ። እንደዚያ ያለ የእጅ ደን ዶክተሩም አይቶ አያውቅ፤ ከኋላ ራሱን በደስታ ነቀነቀ። ጥሩብርሃን ግን ከፊት ናት። ሁሉም ግራ ነው። ግራ፣ ግራ፣ ግራ። ኔትወርክ ግራ፣ ባለርስቷ ግራ። አንዲት ቀኝ ብቻ አለች፤ ከፊት ወንበር፣ ከነጩ ነጠላ ሥር። ያችን እንዳላየች ሆና አለፈቻት።

«ጥሩ፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እጃችሁን አውርዱ።» ቲዩቦቹን በየቡድኑ አደለች፤ አዮዲን ጠብ ጠብ አደረገች፤ አሥራ ሁለቱም ጠቆሩ። አንዱን ለራሷ አስቀረች። «ከየቡድኑ አንድ ሰው ምራቅ ይስጥ።»

ማንም አልተነሣም።

«ሚንሃጅ።»

ሚንሃጅ ተነሣ። በአንገቱ ጨርቅ እንደተሸፈነ፣ ጨዋ በሆነ ድምፅ፣ «ዛሬ ቅናሽ የለም፣ ቲቸር፣» አለና ተቀመጠ።

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ጥሩብርሃን የተቀመጠውን እስክሪብቶ አየች፤ ሉማሜን አየች፤ «ይቅናት» የሚለውን አፍ አየች።

«እሺ። እኔ አሳያችኋለሁ።»

ቲዩቧን ከንፈሯ ላይ አስጠጋች። ምላሷን አንቀሳቀሰች፤ ላንቃዋ ላይ ተጣበቀ። ያ ሁሉ ልጅ የተገዛበት ምላስ እንደ ደረቀ ቆዳ አፏ ውስጥ ተንኳኳ። ጉሮሮዋን ሳለች፣ ጉንጯን መጠጠች፣ ተፋች። ትንፋሽ ወጣ። እንደገና ተፋች፤ አንዲት የአረፋ ክር አገጯ ላይ ቀረች። በእጅጌዋ ጠረገችና ቲዩቡን በመዳፏ ጨብጣ ማሞቅ ጀመረች። አምስት ደቂቃ ያዘችው። አሥር ደቂቃ ያዘችው። ስልሳ ስምንት ጥንድ ዓይን እጇን ይጠብቃል። ስትከፍተው ውሃው አሁንም እንደ ቀለም ጥቁር ነው።

ዶክተር አብዱልቃኒ ወደ ፊት መጥቶ ቲዩቡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው።

«አልነጣም፣» አለ። ወደ ክፍሉ ዞረ። «ለምን ይመስላችኋል?»

ስልሳ ሰባት ግራ እጅ። አንዲት ቀኝ።

«እንግዲህ አንዱን ጥሪያ፣» አላት።

ሌላ የሚጠራ ሰው አልነበረም። «ማንጠግቦሽ፣» አለች።

ማንጠግቦሽ ተነሣች። ነጠላዋን ከአፏ ላይ ሙሉ በሙሉ አወረደች፤ እስከ አገጯ፣ እስከ አንገቷ። ድምፅዋ ከኋላው ግድግዳ ደርሶ ተመለሰ።

«ምራቅ የለበትም። ምራቅ ከሌለ አሚሌዝ የለም፤ አሚሌዝ ከሌለ ስታርቹ አይሰባበርም። የመምህርቷ አፍ ደርቋል።»

ነጠላዋን መልሳ ተቀመጠች።

«ትክክል ነው፣» አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ። ከዚያ በር ላይ ወደ ቆመው ሰው ዞረ። «መምህር ፈንታ፣ እነዚህ ልጆች አፋቸውን የሸፈኑት ለምንድን ነው?»

ጋሼ ፈንታ ጥፍሩን አየ። ጥሩብርሃን በዓይኗ ለመነችው። «ማክሰኞ ማርያም ነበረች፣» አለ። «ያች ልጅ ቆርባ ነው የመጣችው።»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው፤ አላደረገውም።

«እኔ ያደግሁት ጉንደ ወይን፣ አባቴ ሱቅ ውስጥ ነው፣» አለ፣ ለጥሩብርሃን ብቻ። «የቆረበ ጎረቤት በደጃችን ሲያልፍ አባቴ መጥረጊያውን ያቆም ነበር፤ አቧራው እንዳያርፍበት። እኔ ማክሰኞ ከኋላ ነበርሁ። አንቺስ የት ነበርሽ?»

ጥሩብርሃን የአዮዲኑን ጠርሙስ ከደነች።

ቅጹን በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። ተማሪዎችን ማሳተፍ ከሚለው ፊት ሙሉ ነጥብ ጻፈ፤ «እጁን ያላወጣ የለም» አለ፣ ሳይስቅ። ዝምተኞችን ከሚለው ፊት የማክሰኞውን ነጥብ ሠረዘው። ከሥሩ አንዲት ቃል ጽፎ ፈረመ። ትደግማለች።

ጥሩብርሃን አሥራ ሁለቱን ቲዩብ ሰብስባ ወጣች። ንብረት ክፍል የሚቀበለው ታጥቦ ነው። ከቧንቧው ሥር ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ደፋቻቸው። ጥቁሩ ውሃ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት በእጃቸው በዛቁት ጉድጓድ እየገባ ሞላው። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ እናቷ ናት፣ ፊርማውን ልትሰማ። አላነሣችም።

ከኋላዋ፣ ከአሥረኛ ሐ መስኮት፣ አንድ ልጅ ቀስ ብሎ አንዲት ቃል ሲሰካ ሰማች። ምን እንደሆነች አልለየችም። ሳቁን ግን ሰማች፤ ለረጅም ጊዜ።